የመኪና በር ሳውንድ ፕሩፍ በድሬ ሙቀት፦ ሳይረግፍና ውሃ ሳያስገባ እንዲቆይ

ሳውንድ ፕሩፍ፣ ማለትም የመኪና በር ላሜራ ላይ የሚለጠፍ ድምፅ መቀነሻ ንጣፍ፣ ለጥፈው ያልተደሰቱ ሰዎች ድሬ ውስጥ ሞልተዋል። የአንዱ ንጣፍ በግንቦት ሙቀት ተላቆ በሩ ውስጥ ወርዷል፤ መስታወቱን በወረደ ቁጥር ይይዘዋል። የሌላው ነሐሴ ላይ ዝናብ ሲመጣ የሾፌሩ እግር ሥር ውሃ አቁሯል። ሌላው ደግሞ አራቱንም በር ሸፍኖ፣ ብሩንም አውጥቶ፣ መኪናው እንደ በፊቱ ይንኳኳል።

እነዚህ ችግሮች ሲፈተሹ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሦስት አያልፍም፦ በደንብ ያልጸዳ ላሜራ፣ በደንብ ያልተጫነ ንጣፍ፣ ወይም መደፈን ያልነበረበት ቀዳዳ። መለጠፉ ራሱ ቀላል ነው። ጊዜ የሚበላው ዝግጅቱ ነው። ስለዚህ እኔም ዝግጅቱ ላይ እረዝማለሁ፤ ታገሡኝ።

መመሪያው ለተራ የቤት መኪና ነው፦ ለቪትዝ፣ ለኮሮላ፣ ለሂሉክስና ለመሰሎቻቸው። ለሐረር የድሮ ፔጆዎችም አካሄዱ ያው ነው፤ በራቸው ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ስለማይበዛ እንዲያውም ይቀላሉ።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት

የበሩ የውጭ ላሜራ ስስና ሰፊ ነው። ስፒከሩ ሲመታ ወይም ጎማው ኮብልስቶን ላይ ሲንከባለል ላሜራው ራሱ ይርገበገባል፤ ድምፅም ያወጣል። ንጣፉ ይህን መርገብገብ ይገድለዋል፤ የሚመታ ከበሮ ላይ መዳፍ እንደ ማሳረፍ ነው። ንጣፉ ከሥሩ ቡቲል የሚባል የሚለጠጥ ጎማ ነው። ላዩ ላይ ያለው አሉሚኒየም ግን አይለጠጥም። ላሜራው ሲንቀጠቀጥ ጎማው በሁለቱ መሃል ይታሻል፤ እንቅስቃሴውም ወደ ጥቂት ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። ንጣፉ ከላሜራው ጋር ሙሉ በሙሉ ካልተጣበቀ ምንም የማይሠራው ለዚህ ነው።

የምታገኙት ይህ ነው፦ በሩ ሲዘጋ የቆርቆሮ ድምፁ ይጠፋል፤ የስፒከሩ ቤዝ ይጠራል፤ ከጎን የሚመጣው የመንገድ ጫጫታ ይቀንሳል። የማታገኙትም አለ። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ የሚሰማው የሞተር ጩኸት በብዛት የሚመጣው ከዳሽቦርዱ ጀርባና ከወለሉ ነው፤ በር ብትሸፍኑ አይነካውም። የጎማ ጩኸትም እንዲሁ ከወለልና ከጎማ ቤት ነው የሚመጣው።

የነፋስ ፉጨት ከሆነ ያስቸገራችሁ፣ መጀመሪያ የበሩን ጎማ ፈትሹ። ቀጭን ወረቀት በሩና ጎማው መሃል አድርጋችሁ በሩን ዝጉ። ወረቀቱን ሳቡት። ጠበቅ ብሎ ከመጣ ጎማው ደህና ነው። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው ደርቋል ወይም በሩ ወርዷል። በዙሪያው አምስት ስድስት ቦታ ላይ ሞክሩ። ጎማ መቀየር ወይም በር ማስተካከል ከሳውንድ ፕሩፍ ይቀድማል። የወረደ በር ላይ ክብደት መጨመርም ማጠፊያውን ይበልጥ መጉዳት ነው።

ዕቃ መግዛት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ድሬ ላይ ሥራውን የሚያበላሸው ትልቁ ነገር የተሳሳተ ንጣፍ ነው።

ገበያ ላይ በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት ንጣፎች አሉ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ በኩል የሚያብረቀርቅ ፎይል አላቸው። አንዱ ቡቲል ጎማ ነው። ሌላው ካትራሜ ነው፤ ጣሪያ ውሃ እንዳያስገባ የሚለጠፈው ማለት ነው። ካትራሜው ይረክሳል። ግን ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር መኪና ላሜራው ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። በዚያ ግለት ካትራሜ ይለሰልሳል፣ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ መኪናውን የአስፋልት ሽታ ይሞላዋል፤ ወርዶም የውሃ መውጫውን ይደፍናል። ሐረር ላይ ቀዝቀዝ ስለሚል ትንሽ ይታገሣል፤ መኪናው ግን አንድ ቀን ድሬ ወርዶ ፀሐይ ላይ መቆሙ አይቀርም። አትግዙት። ሻጩ የመኪና ነው ብሎ ቢምልም አትግዙት።

ታይዋን ገበያ ብትገዙም፣ ከአዲስ አበባ ብታስመጡም እነዚህን ፈትሹ፦

ማሽተት። ቡቲል ደካማ የጎማ ሽታ አለው። አስፋልት አስፋልት ካለ ተዉት።

ፎይሉን ጫፉ ላይ መሳብ። እውነተኛ አሉሚኒየም ይጨማደዳል፣ ይቀደዳል። የተለጠጠ ከሆነ የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ላዩ ላይ ከሆነ ቅድም ያልኩት መታሸት አይፈጠርም፤ ንጣፉ ክብደት ብቻ ነው።

ፀሐይ ማስመታት። ይህ ወሳኙ ነው። ናሙና ጠይቁ፤ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ትበቃለች። የጸዳ ቆርቆሮ ላይ ለጥፋችሁ ቆርቆሮውን ቀጥ አድርጋችሁ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አቁሙት። ከተንሸራተተች ወይም ከጫፏ ጥቁር ነገር ከፈሰሰ መልሱላቸው።

ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ የወፈረ ለወለል ይሁን። ለአንድ የፊት በር ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ ያዙ፤ ለአራት በር ሁለት ካሬ ሜትር ብትገዙ ትንሽ ይተርፋችኋል። ትርፉን አትጣሉት።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው፦

- ባለ መስቀልና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ 10 ቁጥር ቡሶላ
- የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፤ ከሌለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በጨርቅ ጠቅልሉ
- ትንሽ ሮለር፤ የእንጨት ወይም የብረት፣ ስፖንጅ ያልሆነ
- ስለታም ካተርና ትርፍ ምላጭ
- ወፍራም ጓንት፤ የላሜራውም የፎይሉም ጠርዝ እጅ ይቆርጣል
- ፈሳሽ አልኮል፣ ብዙ ነጭ ጨርቅ፣ ብሩሽ
- ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ውሃ የማይመጥ ፎም
- የጨርቅ ፕላስተር፣ ካርቶን፣ ማርከር
- ለመኪናችሁ የሚሆን ትርፍ የፓናል (የበሩ የውስጥ ሽፋን) ክሊፕ

ስለ አልኮሉ ልብ በሉ። ጄል የሆነ የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ እጅ ማለስለሻ ስላለው ላሜራው ላይ ቅባት ይተዋል። ናፍታና ላምባም አይሆኑም፤ ቅባት ናቸው። ቤንዚን ያጸዳል፤ ግን የተዘጋ ቦታ ውስጥ፣ በዚህ ሙቀት፣ አጠገባችሁ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እያለ ማሰብም የለባችሁም።

ስለ ፎሙም አንድ ነገር። የፍራሽ ስፖንጅ ተጠቅመው የሚሠሩ አሉ። ውሃ ይመጥጣል፣ አይደርቅም፣ በሩን ያዝገዋል። በቆርቆሮ የሚነፋውን የግንባታ ፎምም በር ውስጥ አትንፉ። ይነፋና መስታወቱን ያስራል፤ ማውጣቱም ጣጣ ነው።

ሰዓትና ቦታ

ድሬ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት መለጠፉን ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ላሜራው ይግላል፣ ቡቲሉ ይለሰልሳል፣ ወረቀቱ ከንጣፉ አልላቀቅ ይላል። ከሰዓት በኋላ እንጀምር ካላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ብቻ አይደለም ጠላታችሁ። ረዳታችሁ በርጫ ላይ ነው፤ አቦ፣ እሱን ከዚያ ማስነሳት ከባድ ነው።

መኪናውን ማታውኑ ጥላ ውስጥ አቁሙት። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር መሥራት ደስ ይላል፤ ግን ነፋስ ሲነሳ አቧራው የተላጠው ማጣበቂያ ላይ ያርፋል። ጣሪያና ግድግዳ ያለው ቦታ ይሻላል።

በአንድ ቀን አራቱን በር አትሞክሩ። መጀመሪያ አንድ በር ብቻ፤ እሱም የኋላ በር ይሁን። የኋላው ገመዱ ያነሰ ነው፤ ቢበላሽም ብዙ አይጎዳችሁም።

ደረጃ 1፦ ባትሪውን ንቀሉ

መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ አውጡ። ሬዲዮው ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን ያዙት። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁጥር ንቀሉ፤ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። በር ውስጥ ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው። አትጎትቱት፣ በቴስተር አትንኩት። አንዳንድ መኪና በሩ ውስጥ የኤርባግ ሴንሰር አለው፤ በዙሪያው ምንም አትለጥፉ።

ደረጃ 2፦ ፓናሉን አውልቁ

ስልካችሁን አውጡና እያንዳንዱን ነገር ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ።

ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታ ይደበቃሉ። አንዱ የውስጥ እጀታው ጀርባ፣ ትንሽ ክዳን ሥር ነው። ሁለተኛው በሩን ስባችሁ የምትዘጉበት ጎድጓዳ ውስጥ። ሦስተኛው በፓናሉ ጠርዝ። በስፖኪዮው ውስጠኛ በኩል ያለችው ባለ ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ካለች እሷንም አንሱ።

መስታወቱ በእጅ የሚዞር ከሆነ እጀታውን የያዘች ትንሽ የሽቦ ቀለበት አለች። ጨርቅ በእጀታውና በፓናሉ መሃል አስገብታችሁ ወዲያ ወዲህ ሳቡ፤ ትወጣለች። ተፈናጥራ ትጠፋለችና ሌላ ጨርቅ ደግኑባት።

አሁን መፈልቀቂያውን ከታች በኩል፣ ክሊፑ ያለበት ቦታ አጠገብ አስገቡ። አንድ በአንድ ፈልቅቁ። ሁሉም ሲላቀቅ ፓናሉን ወደ ላይ አንሱት፤ ወደ ራሳችሁ አትጎትቱ። ላይኛው ጠርዝ መስታወቱ ሥር ተሰክቶ ነው ያለው። አልነሳ ካለ የቀረ ብሎን አለ፤ ፈልጉት። በጉልበት ሲሳብ የሚሰነጠቀው ፕላስቲኩ ነው።

ፓናሉ ሲላቀቅ አታራርቁት። ከጀርባው የመስታወት ማብሪያ ሶኬትና የእጀታ ኬብል አለ። ሶኬቱን ምላሱን ተጭናችሁ አውጡ፤ ገመዱን አትሳቡ።

ደረጃ 3፦ ውስጠኛውን ላስቲክ አድኑ

ፓናሉ ሥር ላሜራው ላይ የተለጠፈ ላስቲክ አለ። ብዙ ሰው ቀዶ ይጥለዋል። የነሐሴው ውሃ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ከመስታወቱ ውጭ ባለው ክፍተት ሁልጊዜ በሩ ውስጥ ይገባል። በሩ የተሠራውም ይህን አስቦ ነው። ውሃው ውስጥ ለውስጥ ይወርድና ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ላስቲኩ ውሃው ወደ እናንተ በኩል እንዳይሻገር የቆመ ነው።

ስለዚህ በጠዋት፣ ጥቁሩ ማጣበቂያ ሳይለሰልስ፣ በካተር ማጣበቂያውን ከመሃሉ እየቆረጣችሁ ላሜራው ላይም ላስቲኩ ላይም እንዲቀር አድርጉ። ክር እየሠራ ካስቸገረ ትንሽ ቁራጭ ማጣበቂያ ድቡልቡል አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት፤ ክሩን ራሱ ይለቅመዋል። ላስቲኩን ጋዜጣ ላይ ዘርጉት፤ ማጣበቂያው ወደ ላይ ይሁን። አቧራ ከነካው አይመለስም።

ላስቲኩ ቀድሞውኑ ከተቀደደ ወይም ከሌለ ወፍራም ፕላስቲክ ግዙና በፓናሉ ልክ ቁረጡ።

ደረጃ 4፦ ጽዳት

ይህን ደረጃ በሁለት ደቂቃ የጨረሰ ሰው ንጣፉ አይቆይለትም።

በስልክ መብራት በሩ ውስጥ እዩ። የድሬ አቧራ እንደ ሌላው አይደለም፤ ደቃቅ ነው፣ ከታች አሸዋ ሆኖ ይከማቻል። መጀመሪያ በብሩሽ ወይም በቫኪዩም አውጡት። ጋራዥ ያለውን ኮምፕሬሰር አትጠቀሙ፤ ማጣሪያ ከሌለው ዘይትና ውሃ ይረጫል፤ ያጸዳችሁ መስሏችሁ ትቀቡታላችሁ።

ከዚያ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ፈልጉ። በበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ከሁለት እስከ አራት ይሆናሉ፤ ጠበብ ያሉ ስንጥቆች ናቸው። በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ውጉና ክፈቱ። ማርከር አምጡና ቦታቸውን ውስጠኛው ላሜራ ላይ ምልክት አድርጉ። ኋላ እንዳትረሱ።

በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ የውጪውን ላሜራ ከውስጥ በኩል እሹት። በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ከዚያ አልኮል። ነጭ ጨርቅ አልኮል ነክራችሁ ጥረጉ፤ ጨርቁ ሲጠቁር ቀይሩ። የመጨረሻው ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አታቁሙ። ከዚያ በኋላ ላሜራውን በባዶ እጅ አትንኩት፤ ጣት ቅባት አለው።

ዝገት ካለ ዛሬ አትለጥፉ። በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፣ ጥረጉ፣ አንቲ ረስት ቀቡ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ። እርጥብ ቀለም ላይ የተለጠፈ ንጣፍ ከነቀለሙ ነው የሚነሳው።

ደረጃ 5፦ መቁረጥ

በሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ንጣፍ ለማስገባት አትሞክሩ። ቀዳዳዎቹ አያሳልፉትም፤ መሃል መንገድ ላይ ራሱ ላይ ይጣበቅባችኋል። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጋችሁ ቁረጡ። ቁራጮቹ መነካካት የለባቸውም፤ በመሃላቸው ክፍተት ቢኖር ለውጥ አያመጣም።

ቅርጹ ካስቸገረ መጀመሪያ ካርቶን ቁረጡና ሞክሩ። ሹል ማዕዘኖችን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ መነሳት የሚጀምረው ከማዕዘን ነው።

ምን ያህል ይሸፈን? ሁሉንም መሸፈን አያስፈልግም። የውጪው ላሜራ ሩቡ ሲሸፈን አብዛኛው መርገብገብ ይጠፋል። እስከ ግማሽ ብትሄዱ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብና ክብደት ነው። በ2 ሚሊ ሜትር አንድ ካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ደረጃ 6፦ የውጪውን ላሜራ መለጠፍ

በጣታችሁ አንጓ የውጪውን ላሜራ አንኳኩ። በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሰፊው ጠፍጣፋ ክፍል መሃል ነው። የመጀመሪያው ቁራጭ እዚያ ይለጠፋል። ስፒከር ካለ ሁለተኛው ከስፒከሩ በስተጀርባ ይሁን።

1. ቁራጩን ከነወረቀቱ አስገብታችሁ ቦታውን ለኩ።
2. አውጡት። የላይኛውን ጠርዝ ወረቀት ሦስት ጣት ያህል ላጡ።
3. አስገቡና የተላጠውን ጠርዝ ለጥፉ። ጠማማ ከሆነ አሁኑኑ አንሱት፤ ከተጫነ በኋላ አይነሳም።
4. በአንድ እጅ ወረቀቱን ወደ ታች እየሳባችሁ በሌላው መዳፍ ከላይ ወደ ታች ጫኑ።
5. ሮለሩን ከመሃል ወደ ዳር ንዱ። ያላችሁን ጉልበት ተጠቀሙ፤ ግን ላሜራው ወደ ውጭ እንዳይጎብጥ ረዳታችሁ ከውጭ በመዳፉ ይደግፈው።

ንጣፉ ላይ የታተመ ጌጥ ካለ መጨረሻው ይታወቃል፦ ጌጡ ሲጠፋ፣ ላዩም ልሙጥ ሲሆን በቃ። ጌጡ የቀረበት ቦታ አልተጣበቀም ማለት ነው። ጠርዞቹን በሮለሩ ጎን ለብቻቸው ድገሟቸው።

አንድ ቁራጭ በለጠፋችሁ ቁጥር አንኳኩ። ድምፁ ከ«ቷ» ወደ «ድፍ» ሲለወጥ ትሰማላችሁ። ካልተለወጠ ጨምሩ፤ ከተለወጠ ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ።

የማይነኩ ቦታዎች እነዚህ ናቸው። በሩን በአግድም የሚያቋርጥ ወፍራም ብረት አለ፤ የጎን ግጭት የሚከላከል ነው። በእሱና በውጪው ላሜራ መሃል ፋብሪካው ያስገባውን ማስቲሽ ተዉት። የመስታወቱን ሐዲድ፣ የቁልፉን ዘንግ፣ የውሃ መውጫዎቹን አትሸፍኑ። ከበሩ ታች አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ።

ሙቀትን በተመለከተ፣ ድሬ ላይ ሂት ጋን (ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ) አያስፈልግም። ሐረር ላይ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቡቲሉ ይደርቃል። በፀጉር ማድረቂያ ንጣፉንም ላሜራውንም ለብ አድርጉ። እጃችሁ የማይችለው ግለት አይድረስ፤ የውጪውን ቀለም ታበላሹታላችሁ።

ተቃራኒው ከገጠማችሁ፣ ማለትም ቡቲሉ ለስልሶ ወረቀቱ አልላጥ ካለ፣ ቁራጮቹን በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡ። ወረቀቱ ያለ ትግል ይላጣል። ላብ ካለው ላዩን ጥረጉና ወዲያው ለጥፉ።

ደረጃ 7፦ አንድ ቀትር ይሞከር

ይህን ለመጀመሪያው በር ብቻ አድርጉ። ፓናሉን ሳትመልሱ መኪናውን አንድ ቀትር ፀሐይ ላይ አቁሙት። ማታ ሲበርድ መብራት ይዛችሁ ጠርዞቹን እዩ። የተነሳ ካለ አሁኑኑ ደግማችሁ በሮለር ጫኑት። ቁራጩ በሙሉ ከተንሸራተተ ወይ ጽዳቱ አልተሳካም ወይ ዕቃው ፎርጅድ ነው። ሦስቱን በር ከመንካታችሁ በፊት ይህን ማወቅ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ውስጠኛው ላሜራና ላስቲኩ

ብዙ ቪዲዮ ላይ የውስጠኛው ላሜራ ትልልቅ ቀዳዳዎች በንጣፍ ሲደፈኑ ታያላችሁ። ለቤዝ ይጠቅማል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ለድሬ አልመክረውም። ከጀርባው ምንም ድጋፍ የሌለው ቡቲል በሙቀት ይረግባል። ከዚያም የመስታወቱ ሞተር አንድ ቀን ይበላሻል፤ መካኒኩ በቢላ ይቀደዋል፤ ውሃ ይገባል። የግድ ካላችሁ ቀዳዳውን መጀመሪያ በስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ሸፍኑ፣ በብሎን እሰሩ፣ ከዚያ ጠርዙን በንጣፍ አሽጉ።

ለሌሎቻችሁ፣ በቀዳዳዎቹ መሃል ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ጥቂት ቁራጭ ለጥፉ። የክሊፕና የብሎን ቀዳዳዎችን አትሸፍኑ። የተንጠለጠሉ ገመዶችን በጨርቅ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ከላሜራ ጋር የሚጋጭ ዘንግ ካለ ትንሽ ፎም አልብሱት። የብዙ በር መንኳኳት ይኸው ገመድና ዘንግ ነው።

አሁን ላስቲኩን መልሱ። የታችኛው ጫፍ በውስጠኛው ላሜራ ቀዳዳ በኩል ወደ በሩ ውስጥ መግባት አለበት። ውጭ ከቀረ ውሃው ላስቲኩን ተከትሎ ምንጣፋችሁ ላይ ይወርዳል። ማጣበቂያው ከደከመ ከተረፈው ንጣፍ ቀጭን ክር ቁረጡ፣ ፎይሉን አንሱ፣ ቡቲሉን እንደ ማጣበቂያ ተጠቀሙ።

ደረጃ 9፦ የውሃ ፈተና

ድሬ ላይ ስህተት ለወራት ተደብቆ ይቆያል፤ ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ነው የሚበረታው። ስለዚህ ዝናቡን ራሳችሁ አምጡት። በሩን ዝጉ። አንድ ሊትር ውሃ በመስታወቱ ውጭ፣ ከጎማው ጋር በሚገናኝበት፣ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ረዳታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ላስቲኩን ይመልከት። ውሃው ከታች በቀዳዳዎቹ ወዲያው መውጣት አለበት። ከዘገየ የተደፈነ አለ። ላስቲኩ ላይ ጠብታ ከታየ ያንን ቦታ ደግማችሁ አሽጉ።

ደረጃ 10፦ ፓናሉን መልሱ

ፎሙን ፓናሉ ጀርባ ላይ ለጥፉ፤ ላሜራውን በሚነካበት ቦታ ብቻ። ከክሊፖቹ ሁለት ጣት ያህል አርቁት። በስፒከሩ ዙሪያ የፎም ቀለበት ብታደርጉ ድምፁ ፓናሉ ውስጥ ሳይጠፋ ወደ እናንተ ይመጣል።

ሁሉንም ሶኬት መልሱ፣ በድንገት የተላቀቀ ቢጫ ካለም መጀመሪያ እሱን። ከዚያ ብቻ ባትሪውን አስገቡ። ቢጫው ሳይገባ ቁልፍ ካዞራችሁ የኤርባግ መብራት ይበራና በማሽን ማስጠፋት ሊኖርባችሁ ነው።

ፓናሉን ከመጫናችሁ በፊት መስታወቱን ሙሉ በሙሉ አውርዱና አውጡ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ። ቁልፉን ደግሞ በሩ ክፍት ሆኖ ሞክሩ። የበሩን መቆለፊያ ምላስ በካቻቢቴ ገፍታችሁ ዝጉት፣ ከዚያ በውስጥም በውጭም እጀታ ክፈቱት። በሩን ዘግታችሁ ሞክራችሁ ኬብሉ ሳይገባ ከቀረ በሩ አይከፈትም፤ ፓናሉንም ማውለቅ አትችሉም።

ሁሉ ደህና ከሆነ ላይኛውን ጠርዝ መጀመሪያ ስኩ፣ ክሊፖቹን ከቀዳዳቸው ጋር አገጣጥሙ፣ በመዳፍ ምቱ። ያልገጠመ ክሊፕ ላይ አትጫኑ። የተሰበረውን ቀይሩ፤ ሁለት ክሊፕ የጎደለው ፓናል ራሱ አዲስ ጫጫታ ነው።

ሲበላሽ

*ንጣፉ ሥር አየር ቀርቷል።* በካተር ጫፍ ውጉትና በሮለር ጫኑ። ከመዳፍ የሰፋ ከሆነ ያ ቦታ አልጸዳም፤ አንሱና ድገሙ።

*መስታወቱ ሲወርድ ይከረክራል።* አትድገሙት። የተነሳ የንጣፍ ጠርዝ ወይም ፎም ነክቷል። ፓናሉን አውልቁና መስታወቱ ወርዶ እያለ በመብራት እዩ።

*መስታወቱ በአንድ ንክኪ መውጣት አቆመ።* ባትሪ ሲነቀል በብዙ መኪና ይከሰታል። እስከ ላይ አውጡትና ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ወደ ላይ ስባችሁ ያዙት። ካልሆነ የመኪናውን መመሪያ እዩ።

*ፓናሉ ጠርዙ ላይ ክፍተት አለው።* ፎሙ ወፍሯል። ቡጢ አይፈታውም። አውልቁና ክሊፕ አካባቢ ያለውን ቁረጡ።

*አሁንም ይንኳኳል።* ከስልክ ላይ ከ40 እስከ 100 ኸርዝ ያለ ወፍራም (ቤዝ) ድምፅ ቀስ እያለ ከፍ እንዲል አድርጋችሁ በስፒከር ልቀቁ። ረዳታችሁ የፓናሉን የተለያየ ቦታ በመዳፉ ይጫን። ሲጫን ዝም ያለበት ቦታ ነው ጥፋተኛው። ጩኸቱ ከበሩ ላይሆንም ይችላል፤ የኋላ ታርጋውን፣ የወንበሩን ቀበቶ ማሰሪያና የኪስ ሣጥኑንም ይዛችሁ እዩ።

*ንጣፉን ማንሳት ፈለጋችሁ።* በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ በፕላስቲክ መፋቂያ ከጠርዝ ጀምሩ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። የቀረውን ጥቁር ነገር በራሱ በቡቲሉ ድቡልቡል ነካ ነካ እያደረጋችሁ ልቀሙ። ከዚያ አልኮል። ካትራሜ ከነበረ ተቃራኒውን አድርጉ፤ አታሙቁት። በፌስታል በረዶ አስጠግታችሁ አቀዝቅዙት፤ ሲደርቅ በመፋቂያ ጀርባ ምቱት፣ እየተሰበረ ይወድቃል። ፍርፋሪውን ከበሩ ግርጌ ልቀሙና የውሃ መውጫዎቹን እንደገና ክፈቱ።